አልጠፋም ያለው የማርታ ፋይል

አቶ ኤርሲዶ ማረፋቸውን የሰማሁት ከእህቴ ነው። ደውላ መጀመሪያ የዝናቡን ነገር አወራችኝ፤ ቀጥላ የጎረቤታችንን የአጥር ጠብ። ስልኩን ልትዘጋው ስትል «ውይ፣ ረስቼው! የመዝገብ ቤቱ ሰውዬሽ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ። «ሰውዬሽ» ያለችው ለነገር ነው። ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ቤት ገብቼ የማማርረው ስለ እርሳቸው ስለነበር ቤተሰቡ በሙሉ የእኔ ንብረት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። አርጅተው ነበር፤ ሞታቸውም ማንንም ያላስቸገረ ሞት ነበር አሉ። ቢሆንም ከዚያን ቀን ወዲህ ከሐሳቤ አልወጡም።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ላይ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ በሚታይበት አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ሠርተናል። እኔ ታይፒስት ነበርኩ፤ እርሳቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ። የፎንቆ ሰው ናቸው። አማርኛን የተማሩት ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ከመጽሐፍ ስለሆነ ሲናገሩ አዋጅ የሚያነቡ ይመስላሉ። ሲናደዱ ብቻ ሃዲይኛ ይቀላቅላሉ። እኛ የጉራጌ ባለሱቅ ልጆችም ብንሆን ሰፈሩ አስተምሮናልና እንሰማለን፤ እርሳቸው ግን ያልሰማን ስለሚመስላቸው የልባቸውን ተናግረው ይወጣላቸዋል። አገሩ በሙሉ «ጓድ» በሚባባልበት ዘመን እኔን የሚጠሩኝ «ወይዘሪት ሽታዬ» እያሉ ነበር። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ ሊያርማቸው ቢሞክር «ስትቀጠር የተጻፈው ወይዘሪት ተብሎ ነው» ብለው አሳፈሩት። የተጻፈ ነገር ለእርሳቸው ያለቀ ነገር ነው።

መዝገብ ቤቱን ከእኔ ክፍል የሚለየው ስስ ጣውላ ስለነበር የሚሉትም የሚያደርጉትም አያመልጠኝም። ፋይል ከመደርደሪያ ከማውረዳቸው በፊት እጃቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ የፋይሉን ጀርባ በጣታቸው አንጓ ቆርቆር ያደርጋሉ። አይጥ ካለች ትውጣ ብለው ነው። ለማያውቅ ሰው ግን የጎረቤት በር የሚያንኳኩ ነው የሚመስለው። ከዚያ ፋይሉን አውርደው፣ ክሩን ፈትተው፣ የተጠየቁትን አይተው፣ ክሩን እንደነበረ ቋጥረው ይመልሳሉ። ቋጠሮው የእርሳቸው ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው ከነካው ያውቃሉ፤ ያወቁ ዕለት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ሰላም አያድርም።

እሳቸው ጋ ወረቀት ከገባ ገባ ነው። «ፋይል ይዘጋል እንጂ አይጠፋም» ይላሉ። አንዱ ባለጉዳይ ይመጣና «እቺን የቆየች የቅጣት ደብዳቤ ከፋይሌ ያውጡልኝ፤ ልጅ ሆኜ ነው» ይላቸዋል። እርሳቸው ወንበር ይሰጡታል፣ ደህንነቱን ይጠይቁታል፣ ከዚያ «ማመልከቻ ይጻፉ» ይሉታል። ሰውዬው በደስታ ይጽፋል። አቶ ኤርሲዶ ማመልከቻውን ተቀብለው ቁጥር ይሰጡታል፣ በመብሻው ይበሱታል፣ ከዚያም እዚያው ፋይል ውስጥ ከቅጣት ደብዳቤው በላይ ይሰፉታል። መመሪያው አንድን ፋይል የሚመለከት ወረቀት ሁሉ እዚያው ፋይል ውስጥ ይግባ ይላላ! አንድ ወረቀት ሊያስወጣ የመጣ ሰው ሁለት አድርጎ ይሄዳል። እኔ ከጣውላው ወዲያ ማዶ ሆኜ ሳቄን በታይፑ ድምፅ እሸፍናለሁ።

አንድ ጊዜ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። የአሮጌው ሥርዓት መዛግብት መደርደሪያ አጣበዋልና በአስቸኳይ ይወገዱ የሚል ነበር። ኃላፊያችን ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ገና ልጅ እግር ሰው ነው፤ ነገር ቶሎ ሲያልቅ ደስ ይለዋል። ጥበቃውን ጋዝ በጀሪካን አስይዞ ከተፍ አለ። አቶ ኤርሲዶ አልተቃወሙም።

«በደስታ» አሉ። «ኮሚቴው የታለ?»

«የምን ኮሚቴ?»

«የአስወጋጅ ኮሚቴ። መዝገብ ያለ ቃለ ጉባኤ አይወገድም።»

ኮሚቴ ተቋቋመ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። የሚወገደው ፋይል በዝርዝር ይጻፍ ተባለ። ዝርዝሩ ላይ በየፋይሉ ውስጥ ያለው እንዲገለጽ፣ የተገለጸውም ለሦስት መሥሪያ ቤቶች በግልባጭ እንዲታወቅ አቶ ኤርሲዶ ከመመሪያው ጠቅሰው አሳሰቡ። አንደኛው መሥሪያ ቤት «የተባሉት መዛግብት ሳይወገዱ ይቆዩን» ብሎ መለሰ፤ ሌሎቹ እስከ ዛሬም አልመለሱም። ጥበቃው ጋዙን በኩራዝ ጨረሰው። በዘመቻው ማብቂያ ላይ አንድም ፋይል አልተቃጠለም፤ እንዲያውም «የሚወገዱ መዛግብት» የሚል አዲስ ወፍራም ፋይል ተጨመረ። ኃላፊያችን «ቀልድ ነው የተያዘው ጓድ ኤርሲዶ?» ሲላቸው «መመሪያ ነው ጓድ» አሉት።

ይሄ ሁሉ የሚያስቀው የራስ ጉዳይ ካልሆነ ነው። እኔ አልወዳቸውም ነበር። ከሰው ወረቀት የሚበልጥባቸው፣ ልባቸው በክር የተቋጠረ ሰው አድርጌ ነበር የማያቸው። ማርታ በመጣች ሰሞን ደግሞ ለየልኝ።

ማርታ የዱራሜ ልጅ ናት። ሆመቾ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበረች፤ ወደ ሆሳዕና ለሥራ ስትመጣ እኔ ጋ ገብታ ታርፋለች። በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ሰዉ በየቤቱ ነበር የሚጸልየው። አንድ ቀን ማርታ ቤት ሰዎች ተሰብስበው መዝሙር ዘመሩ ተብሎ ተከሰሰች፤ ታሰረችም። ተጣርቶ «ስብሰባው እሷ ቤት ያረፈች አራስ ለመጠየቅ ነው» ተባለና ተለቀቀች። እውነቱን ለመናገር አራስም ነበረች፣ መዝሙርም ነበር። ዋናው ነገር በነፃ መለቀቋ ነው። የክሱ ፋይል ግን እኛ ጋ ደርሶ ቁጥር ወጥቶለት፣ «በመታየት ላይ ያለ» የሚለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ማርታ ለነርስነት ትምህርት ተመረጠች። ተንጠልጣይ ጉዳይ ያለበት ሰው ግን አይሄድም። መራጩ ኮሚቴ ከመዝገብ ቤት ፋይሏን ሊያስቀርብ ነው፤ ፋይሉ ከቀረበ ማርታ ትቀራለች፤ ምናልባት ሥራውም ይቀራል። ታናናሾቿን የምታሳድገው እሷ ነበረች።

በነፃ የተለቀቀችበትን ደብዳቤ ከሆመቾ ቀበሌ አጽፋ አመጣች። እሱ ፋይሉን ይዘጋዋል ብለን ነበር። ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ ገባ፤ ግልባጩ የደረሳቸው የጸጥታ ሰዎች «በምን ማስረጃ ነው የተለቀቀችው?» ብለው ጻፉ፤ እሱም ገባ። ቀበሌው «በቃል ነው ያጣራነው» ብሎ መለሰ፤ ይሄማ ጭራሽ ጉዳዩን እንደ አዲስ አስነሳው። ልንዘጋው በሞከርን ቁጥር ፋይሉ ይወፍራል። በመጨረሻ ኃላፊያችን ራሱ አዘነላትና መዝገብ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ማዶ ሆኜ እሰማለሁ።

«ጓድ ኤርሲዶ፣ ይቺን ነገር ቀደው ይጣሏት። እኔ አላየሁም።»

«በጽሑፍ ይስጡኝ።»

«በጽሑፍ ከሰጠሁዎትማ ምኑ ጠፋ!» ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ።

ቀጥላ ማርታ ገባች። ለመነቻቸው። እርሳቸው ድምፃቸውን እንኳ ሳይለውጡ አስረዷት። «ብቀደው ቁጥሩ ይጎድላል። የጎደለ ቁጥር ይፈለጋል። ግልባጩ ቀበሌም አለ፣ ጸጥታም አለ፤ ከግልባጩ አዲስ ፋይል ይከፍታሉ። ያን ጊዜ በላዩ ላይ ፋይል ማጥፋት የሚል ይጨመርበታል። ፋይልሽ አይጠፋም፤ እወቂው።» ማርታ እያለቀሰች ወጥታ ወደ መኪና መናኸሪያው ሄደች። እኔ ደሜ ፈልቶ ገባሁባቸው።

«እርስዎ ሰው አይደሉም!» አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ላሉ ሰው እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

አቶ ኤርሲዶ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የማርታን ፋይል ቆርቆር አድርገው አወረዱ። ከዚያ አንድ ሰው ፋይል ሲወስድ የሚሞላውን የወጪ ካርድ አነሱና የራሳቸውን ስም ጻፉበት። ምክንያት በሚለው ላይ «ለንባብ» አሉ። ካርዱን ፋይሉ በነበረበት ቦታ አቁመው ፋይሉን የቆዳ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ኮሚቴው ሲጠይቀኝ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ የለም» አሉኝ። «ወጪ ሆኗል። እኔ ደግሞ የምመልሰው የተጠየቅሁትን ነው።»

«ለማርታ ልንገራት?»

«በፍጹም፤ ካወቀች ተባባሪ ትባላለች።»

ኮሚቴው ጠየቀ። አቶ ኤርሲዶ «ፋይሉ ለሥራ ወጪ ስለሆነ ተመላሽ ሲሆን ይላካል» የሚል ደብዳቤ አስመቱኝ። ተማሪዎቹን የሚወስደው መኪና ቆሞ እየጠበቀ ነበር፤ ኮሚቴው በሌለ ፋይል የሚከራከርበት ጊዜ አልነበረውም። ማርታ ሄደች። እኔም በቃ ተገላገልን አልኩ።

ያላሰብኩት «ተመላሽ ሲሆን ይላካል» የምትለዋን ነው። ፋይሉ ወደ መደርደሪያው የተመለሰ ዕለት ማርታን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከትምህርት ቤትም ቢሆን፣ በኋላ ከሥራም ቢሆን ያስወጣታል። ስለዚህ መመለስ የለበትም። ደግሞ ፋይል ያወጣ ሰው ከእጁ እንዳይለየው መመሪያ አለ። አቶ ኤርሲዶ ይሄንንም እንደ ሌላው አጥብቀው ጠበቁት። ቦርሳውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ይዘው ይሄዳሉ። ምሳ ቤት ይዘውት ይገባሉ፤ ለቅሶ ቤት ይዘውት ይቀመጣሉ። ሰዉ ምን እንደያዙ ሳያውቅ ሳቀባቸው። ሚስታቸው ራሷ «ሰውየው ደሞዙን አያሳየኝም» እያለች ታማቸው ነበር።

ማርታ ተመርቃ ነርስ ሆና ሆሳዕና ተመደበች። ፋይሉን የቀደዱላት መስሏት መዝገብ ቤት መጥታ ልታመሰግናቸው ብትሞክር «ለምኑ? ፋይልሽ እንዳለ ነው። እኔ እጅ ነው ያለው» አሏት። ልጅቷም ሰውየው ፋይሉን የያዘው አንድ ቀን ሊያወጣብኝ ነው ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲያ ቦርሳቸውን በሩቁ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። እኔ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ፤ ቃል አስገብተውኛላ።

የነገሩ ዳፋ የመጣው ተቆጣጣሪ ከበላይ በመጣ ጊዜ ነው። መደርደሪያውን ሲያይ አቧራ የጠጣ የወጪ ካርድ አገኘ።

«ይሄ ፋይል የት ነው ያለው?» አላቸው።

«እጄ ላይ።»

«ምን ያደርጉበታል?»

«አነበዋለሁ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ገና አልጨረስኩትም።»

«ትቀልዳለህ?» ብሎ «እርስዎ»ውን ተወው።

«ጓድ፣ መመሪያው ያወጣ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ይመልሳል ይላል። ቀን አልቆረጠም።»

ተቆጣጣሪው መመሪያው እንዲሻሻል አስደረገ። የተሻሻለው መመሪያ ሲመጣ አቶ ኤርሲዶ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ይሄ ከዛሬ ጀምሮ ለሚወጡ ፋይሎች ነው» አሉ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ቀጥሎ የደረጃ ዕድገታቸው ታገደ። በመጨረሻ ቦኖሻ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ኃላፊያችን ሁሉንም ፈርሟል፤ ግን ጥበቃ ልኮ ቦርሳቸውን ሊያስፈትሽ አልፈለገም። ፋይሉን ለማን ብለው እንደያዙት የገባው ይመስለኛል። ደብዳቤዎቹን የመታኋቸው እኔ ነኝ። አንዱን መትቼ በጨረስኩ ቁጥር አቶ ኤርሲዶ መጥተው «ወይዘሪት ሽታዬ፣ ለፋይሉ አንድ ግልባጭ» ይላሉ። በገዛ ቅጣታቸው ላይ የፊደል ግድፈት አርመው የመለሱልኝ ጊዜም ነበር።

ቦኖሻ ቆላ ነው፤ ወባው ደግሞ አይጣል። ለሪፖርት ሆሳዕና ሲመጡ ባየኋቸው ቁጥር ኮታቸው እየሰፋቸው ይሄዳል። ቦርሳው ግን ከብብታቸው አልወጣም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ምናለ ወንዝ ውስጥ ወርውረውት ቢገላገሉ?» አልኳቸው።

«የሰው ነው» አሉኝ። «የሰው ነገር ወንዝ ውስጥ አይጣልም።»

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ተዘረፈ። ወንበሩ ሄደ፣ በሩ ሄደ፣ መደርደሪያው ሄደ። ያ ሁሉ አልጠፋም ያለ ወረቀት በአንድ ከሰዓት መንገድ ለመንገድ ተበተነ። ወንድሜ ሱቅ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ስኳርና ጨው የሚጠቀለለው እኔ በመታኋቸው ደብዳቤዎች ነበር። ከመዝገብ ቤቱ የተረፈው ፋይል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የማርታ።

አቶ ኤርሲዶ ጡረታ ወጥተው ሆሳዕና ተመልሰው ነበርና አስጠሩኝ። «የፋይሉን ባለቤት ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ። ማርታ አልሄድም ብላ ነበር፤ ለምኜ ወሰድኳት። መንገድ ላይ ከሱቅ ክብሪት ገዛች። «እዚያው ፊቱ ላይ ነው የማቃጥለው» አለችኝ።

ቤታቸው ስንገባ አቶ ኤርሲዶ ከራባታቸውን አስረው ጠበቁን። እጃቸውን ጠርገው ፋይሉን ከቦርሳው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት።

«የሚመለስበት መሥሪያ ቤት የለም። ስለዚህ ለባለቤቱ አስረክባለሁ። የወደድሽውን አድርጊው» አሏት።

ማርታ ክብሪቱን በአንድ እጇ እንደያዘች ክሩን ፈታች። የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች ታውቃቸዋለች፤ ክሱን፣ የቀበሌውን ደብዳቤ፣ የጸጥታዎቹን ጥያቄ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አለፈቻቸው። ፋይሉ ግን አላለቀም። ቀጥሎ ያለው ሁሉ የእሷ ስም ያለበት ሳይሆን የእርሳቸው ስም ያለበት ነው። ማስጠንቀቂያው አለ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ አለ። የዕድገቱ እገዳ አለ፤ የቦኖሻው ዝውውር አለ፤ ፋይሉን እንዲመልሱ የተጻፈው ሁሉ፣ እርሳቸውም የመለሱት ሁሉ በየተራው ተሰፍቷል። ፋይሉን የሚመለከት ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ይገባላ። ማርታ ቆማ ጀምራ ተቀምጣ ነው የጨረሰችው።

«ጋሼ» አለች፤ «ቦኖሻ የሄዱት በእኔ ምክንያት ነው?»

«ቦኖሻ የሄድኩት በዝውውር ደብዳቤ ነው» አሉ አቶ ኤርሲዶ። «ቁጥሩ ላዩ ላይ አለ።»

«እኔ እኮ... እኔ እኮ ሊያስፈራሩኝ የያዙት መስሎኝ...»

«ምን መሰለሽ አልተባልሽም። የጎደለ ወረቀት ካለ ተናገሪ።»

ማርታ ጉልበታቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። አቶ ኤርሲዶ ተደናግጠው ወደ እኔ ያያሉ፤ እንዲህ ላለ ነገር መመሪያ አልነበራቸውም። ቆይታ ተነሳችና ክብሪቱን ኪሷ ከተተች። ክሩን ለመቋጠር ሞከረች፤ ስላልሆነላት እርሳቸው ወስደው ቋጠሩላት።

«አላቃጥለውም» አለች።

«እንግዲያው መረከብሽን ፈርሚ» አሉና ብዕር ሰጧት።

ፈረመች። አቶ ኤርሲዶ ፊርማውን እፍ ብለው አደረቁ፤ ከዚያ ከዝርፊያው በኋላ ከመንገድ ለቅመው ያቆዩትን የድሮውን የወጪ ካርድ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው የራሳቸውን ስም በአንድ መስመር ሰረዙ። ማርታ ፋይሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። እርሳቸውም ሊሸኙን ተነሱ። በር ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ተመለሱና ባዶውን ቦርሳ ከጠረጴዛው አንስተው፣ እንደ ሁልጊዜው በብብታቸው ይዘው እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙን።

እኔ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።